ቱርክኛ አረፍተ ነገር ከየት ይጀመራል? (አማርኛ ለምታወሩ)

ቱርክኛ ልማር ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያወርደው ያንን ትልቅ የቅጥያ ሰንጠረዥ ነው፣ ለጊዜው ዝጉት። አማርኛ የሚያወራ ሰው ከቃላት ቅደም ተከተል ጋር አይጣላም፣ ግሱ እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው፣ «እኔ ዳቦ በላሁ» ለማለት በዛው ተራ «ቤን ኤክሜክ ዬዲም» ነው። ቤንን ብትተዉትም ያስኬዳል፣ ዬዲም ላይ ያለችው ም «እኔ» የሚለውን ይዛለች። እሱም እሷም «ኦ» ናቸው፣ ተገላገልን።

መጀመሪያ ቫር (አለ) እና ዮክ (የለም) ያዙ። «ኤቭዴ ኤክሜክ ቫር»፣ ቤት ውስጥ ዳቦ አለ። በነዚህ ብቻ ሱቅ መግባት ይቻላል።

ከዛ ቅጥያ መደርደር ነው። ኤቭ ቤት፣ ኤቭሌር ቤቶች፣ ኤቭሌሪም ቤቶቼ፣ እስከዚህ ከአማርኛው ጋር እኩል ይሄዳል። የሚለየው እኛ ከፊት የምናደርጋቸው በ፣ ከ፣ ወደ እነሱ ጋ ከኋላ መምጣታቸው ነው፦ ኤቭሌሪምዴ በቤቶቼ፣ ኤቭሌሪምዴን ከቤቶቼ፣ ኤቭሌሪሜ ወደ ቤቶቼ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያቆምበት ቦታ፣ የብዙ ቁጥሯ ላር ነው ሌር? የ«በ»ዋ ዳ ነው ዴ? ሙሉ ቃሉን አትዩ፣ የመጨረሻዋን አናባቢ ብቻ። አ፣ እ፣ ኦ፣ ኡ ከሆነች ላር እና ዳ፣ ኤ ወይ ኢ ከሆነች ሌር እና ዴ። ኪታፕ (መፅሐፍ) ውስጥ ኢም አለች አም አለች፣ የምትወስነው የኋላዋ አ ስለሆነች ኪታፕላር ይባላል። አማርኛ ውስጥ የሌሉ ሁለት አናባቢዎችም አሉ፣ ኤ እና ኢ እያላችሁ ከንፈራችሁን ክብ ስታደርጉ የሚወጡት፣ እነሱም ወደ ሌር ነው የሚሄዱት።

ነጥብ የሌላት የላቲኗ «አይ» (ı) ላይ ደግሞ እድለኞች ነን፣ የኛው ሳድስ ናት፣ «ክፍል» ስንል ክ ላይ ያለችው ድምፅ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተሰራ የድምፅ ማብራሪያ ላይ አትድከሙ። ክዝ ሴት ልጅ፣ ክዝላር ሴት ልጆች፣ ክዝም ልጄ። እዚህ ጋ ም ፊት ያለችው አናባቢም እየተቀየረች መሆኑን ልብ በሉ፦ ኤቪም፣ ክዝም፣ ኦኩሉም (ትምህርት ቤቴ)። ስልካችሁ ላይ የቱርክኛ ኪቦርድ ጫኑ፣ ነጥብ ያላትና የሌላት ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ከውጭ የገቡ ቃላት አንዳንዴ ያፈነግጣሉ፣ ከአረብኛ የመጣው ሳአት (ሰዓት) በህጉ ሳአትላር መሆን ሲገባው ሳአትሌር ነው፣ እሱን ዝም ብላችሁ ያዙት።

ፕ፣ ት፣ ክ፣ ች፣ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ህ ላይ ያለቀ ቃል «ዳ»ን «ታ» ያደርጋታል፣ ኪታፕታ (መፅሐፉ ውስጥ)።

«ቤት ገዛሁ» ኤቭ አልድም ነው፣ «ቤቱን ገዛሁ» ግን ኤቪ አልድም፣ የኛ ን የምትገባበት ቦታ ላይ ነው ኢ የምትገባው።

ለጆሮ የቱርክ ድራማ ጥሩ ነው፣ ግን ቃና ላይ በአማርኛ የተተረጎመውን ሳይሆን ኦሪጅናሉን ከቱርክኛ ሰብታይትል ጋር። አንድ ግስ ምረጡና አገላብጡት፦ ጌልዲም መጣሁ፣ ጌልሜዲም አልመጣሁም፣ ጌልዲ ሚ መጣ እንዴ፣ ጌልሜዲ ሚ አልመጣም እንዴ።