ምሰሶው ከእግሩ ሲበሰብስ

ክረምት ሲወጣ ካቻቪቴ ያዝና የጭቃ ቤትህን ዙር። የምሰሶውን እግር፣ ልክ ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ ወጋ ወጋ አድርገው። ጫፉ ያለ ትግል ዘው ካለ በስብሷል።

እንጨት በእርጅና ብቻ አይበሰብስም። የሚበላው ፈንገስ ነው፣ እሱ ደግሞ ውሃም አየርም ይፈልጋል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ላይ አያድግም። በጥልቀት የተቀበረው ክፍል አየር ያጥረዋል፣ ከላይ ያለው ቶሎ ይደርቃል፣ ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ አፈሩ አፍ ላይ ያለው ቀድሞ የሚበሰብሰው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን አባር። አሸንዳውን ጥረግ፣ የተበሳ ቆርቆሮ ድፈን፣ ግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈርና ማገዶ አንሳ፣ ፍሳሹ ከቤቱ እንዲርቅ ቦይ ቅደድ። ሰው ይህን ሁሉ ትቶ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል! ዘይቱ ላይ ላዩን ነው፣ ወደ ውስጥ ብዙም አይገባም። ሽታው ግን ቤት ድረስ ይገባል።

እርጥብ እንጨት ላይም ቀለም አትቀባ፤ ውሃውን ውስጥ ትቆልፍበታለህ።

የበሰበሰውን ስትቀይር የሀበሻ ጥድ ካገኘህ (የፈረንጁን አላልኩም) ውድ ቢሆንም ከባህር ዛፍ በተሻለ ይቋቋማል። ባህር ዛፍ ከሆነ ልጠህ በደንብ አድርቀው። ከሁሉም የሚሻለው ግን እግሩን ከአፈር አውጥቶ የድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ነው። አሮጌውን ከመቁረጥህ በፊት ታዲያ ጣሪያውን በድጋፍ አስይዘው፣ አንድ በአንድ ቀይር።