ዝናብና ቀስተ ደመና በበረሃ መንገድ፦ ፎቶውን የሚያበላሹ ስህተቶች

በረሃ ላይ ዝናብ ገና ሩቅ ሳለ ይታያል። ከደመናው ሥር የተንጠለጠለው ግራጫ መጋረጃ ዐይን ስለሚስብ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ወደዚያ ያዞርና ሌላውን ሁሉ ይረሳል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው፦ ዝናቡን እያዩ ፀሐይዋን መርሳት።

ፀሐይዋን ሳያዩ ቀስተ ደመና መጠበቅ

ቀስተ ደመና ሁልጊዜ የሚወጣው ከፀሐይ በተቃራኒ ነው። ለፀሐይ ጀርባ ሰጥተው ሲቆሙ የራስዎ ጥላ የሚያርፍበት አቅጣጫ የቀስቱ መሃል ነው፤ ቀስቱ ከዚያ መሃል በ42 ዲግሪ ርቆ ይከባል። ስለዚህ ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች ቀስቱ እንዳለ ከአድማስ በታች ይቀራል፤ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው አያየውም። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። መሬት ላይ ጥላዎን ይዩ፤ ከቁመትዎ ትንሽ እንኳ ካልረዘመ፣ ዝናቡ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቀስተ ደመና አይጠብቁ። ፀሐይ ዝቅ ባለች ቁጥር ቀስቱ ከፍ ይላል። ልትጠልቅ ስትል ግማሽ ክብ ይሞላል፣ ቀለሙም ወደ ቀይ ያደላል።

ቀስቱን ሊደርሱበት መንዳት

አይደርሱበትም። ቀስቱ የተተከለበት ቦታ የለውም፤ እርስዎ ሲሄዱ አብሮ ይሄዳል። ብዙ ሰው ግን እግሩ ጋ እደርሳለሁ ብሎ ነዳጅ ይጨርሳል፣ ዝናቡም እስከዚያው ያልፋል። አብሮ የመሄዱን ነገር መጠቀም ይሻላል። መኪናውን ያቁሙና በእግርዎ ወደ ጎን ይሂዱ፦ ወደ ግራ ሲሄዱ ቀስቱም ወደ ግራ ይሄዳል፣ አጠገብዎ ያለው ብቸኛ ግራር ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ጥቂት እርምጃ ሄደው የቀስቱን እግር ዛፉ ላይ ማሳረፍ ይችላሉ። ሩቅ ላለ ተራራ ግን እርምጃ አይበቃም፤ መኪና ያስፈልጋል።

ሌንስ ሲመርጡ መሳት

ሙሉው ግማሽ ክብ ከጫፍ እስከ ጫፍ 84 ዲግሪ ይሰፋል። በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ 35 ሚሊሜትር ፊልም በሚያህል) 24 ሚሊሜትር ሌንስ ወደ ጎን የሚያየው 74 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ አንዱ እግር ይቆረጣል፤ 18 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ሰፊ ይያዙ። ስልክ ከሆነ ሰፊውን ሌንስ ይምረጡ። በእኔ ግምት ግን ሙሉው ቀስት ብዙ ጊዜ አሰልቺ ፎቶ ነው። በረጅም ሌንስ አንዱን እግር ብቻ፣ ከጀርባው ጥቁር ተራራ አድርገው ቢያነሱት ይበልጣል።

ፖላራይዘር ገጥሞ መርሳት

ፖላራይዘር ሌንስ ፊት የሚገጠም፣ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው፤ ሳይታወቅ ፎቶ ይገድላል። የቀስተ ደመና ብርሃን በጣም ፖላራይዝድ ነው (በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ይርገበገባል)፤ ማጣሪያውን በአንድ በኩል ሲያዞሩት ቀስቱ ይጠፋል፣ ከዚያ ዘጠና ዲግሪ ሲጨምሩ ይደምቃል። ችግሩ ብርሃኑ የቀስቱን ጉብጠት ተከትሎ አቅጣጫ መቀየሩ ነው። ስለዚህ በሰፊ ሌንስ አናቱን ሲያደምቁ እግሮቹ ይደበዝዛሉ፣ እግሮቹን ሲያደምቁ አናቱ ይሄዳል። በረጅም ሌንስ ትንሽ ክፍል ሲያነሱ ይጠቀሙበት፣ በሰፊው ያውልቁት። (ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሾፌርም የቀስቱን አናት ላያየው ይችላል፤ “የታለ?” ቢል አይፍረዱበት።)

ጥቁር ደመናን ለካሜራው መተው

ካሜራ ፍሬሙ በጥቁር ደመና ሲሞላ ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል። ያኔ ደመናው ግራጫ ይሆናል፣ የቀስቱም ቀለም ይነጣል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ይቀንሱ፤ አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው። ስልክ ላይ ደመናውን ነክተው ብርሃኑን ወደ ታች መጎተት ይበቃል። ፎከስ ደግሞ የዝናብ መጋረጃው ላይ አይያዝም፤ በዚያው ርቀት ያለ የተራራ ጠርዝ ላይ ያስይዙ።

ሁሉንም ዝናብ ከአንድ ወገን ማንሳት

ለቀስተ ደመና ፀሐይ ከጀርባ ትሁን፤ ለዝናቡ ራሱ ግን ወደ ፀሐይ መዞር ያዋጣል። በረሃ ላይ ብዙ ዝናብ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ይተናል፤ ከደመናው የሚወርደው ጭረት መሃል ላይ ይቋረጣል። “መሬት ይንካ” ብሎ የሚጠብቅ ሰው ባዶውን ይቀራል። ምሽት ላይ ፀሐይ ከዚህ ጭረት ጀርባ ስትሆን ወርቅ መስሎ ይበራል። ሁሉም በምሥራቅ በኩል ያለውን ቀስት እያነሳ ስለሆነ ይህን የሚያየው ጥቂት ነው።

በመስታወት ማንሳት

ቀለም የተቀባ የመኪና መስታወት የፎቶውን ቀለም ይቀይራል፣ አቧራውም ይታያል። መስታወቱን ዝቅ ያድርጉ። ካሜራው በኤሲ ቀዝቅዞ ከቆየ ደግሞ እርጥብና ሞቃት አየር ሲነካው ሌንሱ ወዲያው ጉም ይለብሳል፤ ስለዚህ ከኤሲው መውጫ ፊት አያስቀምጡት።

ፎቶ ሲያዩ ጎርፉን አለማየት

ሌላው ስህተት ፎቶ ያበላሻል፤ ይህኛው ግን ሰውን ይገድላል። መንገዱ ደረቅ ወንዝ የሚያቋርጥበት ዝቅታ ለፎቶ ያምራል፣ ማቆሚያ ግን አይደለም። እርስዎ ያሉበት ደረቅ ቢሆንም ከላይ ርቆ የዘነበው ውሃ በዚያ ይወርዳል፣ ሲመጣም በድንገት ነው። የሚፈስ ውሃ 30 ሴንቲሜትር ሲደርስ ትናንሽ መኪኖችን ሊያነሳ ይችላል፤ 60 ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ጥልቀቱን ማወቅ ስለማይቻል ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ብቻ ነው ያለው።

ነጎድጓድ ከሰሙ መብረቁ ሊደርስብዎ ይችላል። ሜዳ ላይ ትራይፖድ ተክሎ መቆም አይገባም። ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ ይግቡ፣ መስታወቱን ይዝጉ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ሲያቆሙም ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ይውጡ፤ ዝናብ ውስጥ የሚመጣ ሾፌር ቶሎ አያይዎትም።

ቀለሙን መጋገር

ቤት ሲገቡ የቀለም መጠን እስከ ጫፍ ከመጎተት ንፅፅሩን በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ይሻላል። ከዋናው ቀስት በላይ ቀለሙ የተገለበጠ ሁለተኛ ቀስት ከታየ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሰማይ ጠቆር ይላል። የፎቶ ጉድለት መስሏቸው የሚያነጡት አሉ፤ ግን ተፈጥሮው ነው፣ በጥንታዊው ፈላስፋ በአፍሮዲስያሱ እስክንድርም ስም ይጠራል። እንዳለ ይተዉት።