የተንቀሳቃሽ ኤሲን የመብራት ወጪ ሲያሰሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ በተለይ ኮርኒስ በሌላቸው ባለ ቆርቆሮ ሱቆች ውስጥ፣ የቀትሩ ሙቀት ሠራተኛውንም ደንበኛውንም ያስመርራል። ተንቀሳቃሽ ኤሲ ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች በዕቃው ዋጋ ላይ ብዙ ይከራከራሉ፤ በየወሩ የሚከፍሉትን የመብራት ሒሳብ ግን በግምት ያልፉታል።

የመጀመሪያው ስህተት የማቀዝቀዝ ዐቅምን መሣሪያው ከሚበላው ኤሌክትሪክ ጋር ማምታታት ነው። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ) በሰዓት ከክፍሉ የሚወጣው ሙቀት ሲሆን፣ ወደ ኪሎዋት ሲቀየር 3.5 ገደማ ይሆናል። ከመስመር የሚስበው ኃይል ግን የዚህ ሲሶ ያህል፣ ከ1 እስከ 1.4 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ለስሌት የሚያገለግለውም በመሣሪያው ጀርባ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ በዋት የተገለጸው ቁጥር ነው። የእንጀራ ምጣድ ከዚህ ሁለት እጥፍ በላይ ይስባል፤ ይሁንና ምጣዱ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሲሠራ ኤሲው በየቀኑ ይሠራል።

ሁለተኛውና በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት፣ ሙቁን አየር ወደ ውጭ የሚያወጣውን ቱቦ አገጣጠም ከስሌቱ ውጭ ማድረግ ነው። ባለ አንድ ቱቦ ኤሲ የክፍሉን አየር ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ በምትኩ ሙቅ አየር በበርና በመስኮት ክፍተት ይገባል። በጅማው ፈረንጅ አራዳ ሰፈር በሚገኘው የእህቴ የፎቶ ኮፒ ቤት፣ ቱቦውን በተከፈተ መስኮት አውጥተንና ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍተን ቆጣሪውን አነበብን፤ በ2 ሰዓት ውስጥ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ። የመሣሪያው ኃይል 1.2 ኪሎዋት ስለነበር፣ ኮምፕሬሰሩ (አብዛኛውን ኃይል የሚበላው የማቀዝቀዣ ጋዝ መጭመቂያ) ጨርሶ አላረፈም ማለት ነው። በማግስቱ የመስኮቱን ክፍተት በልኩ በተቆረጠ ቺፑድ ደፍነን፣ ፀሐይ በሚመታበት በኩል መጋረጃ ሰቅለን በዚያው ሰዓት ስንለካ ንባቡ ወደ 1.7 ወረደ። በቀን 6 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ለሚሠራ ሱቅ ልዩነቱ ወደ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል።

ሦስተኛው ስህተት የታሪፍ እርከንን መዘንጋት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ይላል፤ ዝቅተኛው ዋጋ የሚሠራው እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ነው። ኤሲው የሚጨምረው ፍጆታ ከመብራቱ፣ ከማቀዝቀዣውና ከምጣዱ በላይ የሚደረብ በመሆኑ በዝቅተኛው ዋጋ ሊሰላ አይገባም። የንግድ ቤት ታሪፍ ደግሞ የተለየ ስለሆነ፣ የጎረቤትን የቤት ሒሳብ ይዞ ለሱቅ ማስላት ያሳስታል። ታሪፉም ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው ስለሚስተካከል የቅርቡን ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል።

ዓመቱን በሙሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ማስላትም ስህተት ነው። ጋምቤላ ያለ ዘመድ የሚነግረን ወጪ ለጅማ አይሆንም፤ እዚህ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ማታ መስኮት መክፈት ይበቃል፣ በክረምትም መሣሪያው ጥግ ይይዛል። ሆኖም የኤሲውን እርጥበት ማድረቂያ አሠራር እንደ ማራገቢያው ርካሽ አድርጎ መቁጠር አይገባም፤ ማራገቢያው ብቻ ሲሠራ ጥቂት ዐሥር ዋቶች ሲበቁት፣ ማድረቂያው ግን ኮምፕሬሰሩን ያሠራል።

በመጨረሻም መብራት ሲጠፋ ኤሲውን በጄኔሬተር የሚያስቀጥል ሰው እነዚያን ሰዓታት ለብቻ ማስላት አለበት፤ አነስተኛ የቤንዚን ጄኔሬተር ለ1 ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ስለሚያቃጥል፣ የ1.2 ኪሎዋት ኤሲ የአንድ ሰዓት ወጪ ከግማሽ ሊትር ቤንዚን በላይ ነው።