ወደ ደቡብ የሸሹት የፋሲል ግቢ ነጥቦች

ከአንድ የቆየ የቅየሳ ካርታ የለቀምኳቸውን የፋሲል ግቢ ቅጥር ማዕዘኖች ፖስትጂአይኤስ (የካርታ መረጃ የሚይዝ የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ውስጥ ሳስገባ፣ ነጥቦቹ 200 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተንሸራተው አረፉ። ሁለት ቀን ሙሉ የአጻጻፍ ስህተት ስፈልግ ዋልኩ። ቁጥሮቹ ግን ትክክል ነበሩ።

ካርታው የተሠራው በአዲንዳን ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ ሥርዓት)፣ በክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ (የምድርን ቅርጽ የሚወክል ሞዴል) ነው፤ እኔ ግን 32637 የሚለውን የማጣቀሻ ሥርዓት መለያ ቁጥር ጽፌ ጂፒኤስ የሚጠቀምበትን ዳተም፣ ደብሊውጂኤስ 84ን፣ ሰጠሁት። ሁለቱም ዩቲኤም በሚባለው በሜትር የሚለካ የካርታ ፍርግርግ ዞን 37 ሰሜን ስለሆኑ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፤ ዓይን አይለያቸውም።

ለኢትዮጵያ የወጣው፣ ከአዲንዳን ወደ ደብሊውጂኤስ 84 የሚያሻግረው የዳተም ማሸጋገሪያ በሦስቱ አቅጣጫዎች (X፣ Y እና Z) -165፣ -11 እና 206 ሜትር ነው። በዚህ ልክ ለመሥራት ስለፈለግሁ፣ የአዲንዳንን ዝግጁ መለያ 20137ን ሳልነካ በማጣቀሻ ሥርዓቶች ሠንጠረዥ ላይ 920137 የሚል የራሴን ረድፍ ጨመርኩ። (ለራስ የሚሰጥ ቁጥር ከ998999 መብለጥ የለበትም።)

የመጀመሪያው ሙከራ ምንም አልለወጠም። ረድፉን ከ20137 ስቀዳ ኢፒኤስጂ (የማጣቀሻ ሥርዓቶች ቁጥር መዝገብ) የሚለውን የባለቤት ስምና ቁጥሩን እንዳለ ትቼው ነበር። በሥሪት 3 ፖስትጂአይኤስ አስቀድሞ የሚያየው ይህንን ነው፤ ካወቀው እኔ ማሸጋገሪያውን የጻፍኩበትን የፕሮጅ (ቅየራውን የሚያሰላው ሶፍትዌር) መግለጫ አያነበውም። ስሙን በራሴ ስም ተካሁ፤ ረጅሙን የጽሑፍ መግለጫም ባዶ አደረግሁ። ይህን ሳገኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከዚያ ለነጥቦቹ 920137ን መለያ አድርጌ ሰጠሁና ወደ 32637 ቀየርኳቸው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መለያ መስጠት ቁጥሩን አይነካም፣ ነጥቡን የሚያንቀሳቅሰው ቅየራው ነው። ከቅጥሩ በር አጠገብ በጂፒኤስ የለካሁት ማዕዘን አሁን በጥቂት ሜትር ልዩነት ገጥሟል።