የጂአርኢ ቨርባል ነጥብ አልነሳ ሲል

ጂአርኢ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ለሚያመለክቱ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ፈተና ነው፤ ቨርባል ቃላትና ንባብ የሚለካበት ክፍሉ ነው። ቨርባሉ 145 አካባቢ የቆመበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል፤ የአንድ ሺህ ቃላት ዝርዝር አውርዶ ከ«ኤ» ጀምሮ ይሸመድዳል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ «ሲ» ላይ ይደክመዋል። ቃል አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ ያስፈልጋል፣ ወደ እሱም እንመጣለን። ግን አማርኛ አፉን የፈታበት ተፈታኝ ነጥብ የሚጥለው በማያውቃቸው ቃላት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱን ቃል አውቆ ዓረፍተ ነገሩ ወደ የት እንደዞረ ሳያይም ብዙ ይጥላል።

ስለ ፈተናው ቅርጽ ባጭሩ፦ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈተናው አጥሮ በድምሩ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል። ቨርባል ሁለት ክፍል አለው፤ መጀመሪያው 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ። ነጥቡ ከ130 እስከ 170 ነው። የሁለተኛው ክፍል ጥያቄዎች ምን ያህል እንደሚከብዱ የሚወሰነው በመጀመሪያው ክፍል ውጤት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም ጥያቄ እኩል ይቆጠራል፣ ለተሳሳተ መልስም ቅጣት የለም። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉ፤ የጊዜ አጠቃቀማችሁ በሙሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው።

በሽታውን መለየት

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ በነጻ ከሚሰጣቸው ሁለት የፓወርፕሬፕ ፈተናዎች አንዱን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። ሲያልቅ የሳታችኋቸውን ጥያቄዎች ቁጥር ብቻ ያዙ፤ ትክክለኛውን መልስ አትዩ። በማግስቱ እነዚያኑ ጥያቄዎች ያለ ሰዓት ድገሟቸው። አሁን ካገኛችሁት ችግሩ ጥድፊያ ነበር። አሁንም ከሳታችሁ መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ ለሦስተኛ ጊዜ ሞክሩ። መዝገበ ቃላቱ ካዳናችሁ የጎደለው ቃል ነው። የሁሉንም ቃል ፍቺ ይዛችሁም ከሳታችሁ የጎደለው የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ነው። በስህተት ደብተራችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «ሰዓት»፣ «ቃል» ወይም «አካሄድ» ብላችሁ ጻፉ። ከሦስቱ የትኛው እንደበዛ ሳትቆጥሩ የጥናት ፕሮግራም አታውጡ።

አካሄድ

በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ገላጩም ከስሙ ይቀድማል። በእንግሊዝኛ ግሡ ባለቤቱን ይከተላል፣ ረጅም ገላጭ ግን ከስሙ ኋላ ይንጠለጠልና አንዳንዴ ባለቤቱንና ግሡን በሁለት መስመር ያራርቃቸዋል። ስለዚህ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲገጥማችሁ በሁለት ኮማ መካከል የተሸጎጠውን ለጊዜው ዝለሉና «ማን ምን አደረገ?» የሚለውን ብቻ ያዙ። የተዘለለውን ኋላ ትመለሱበታላችሁ።

ሌላው ወጥመድ ቃል በቃል ሲተረጎሙ የሚገለበጡ ሐረጎች ናቸው። «ኦል በት ፎርጎትን» ማለት ለመረሳት ምንም አልቀረውም ማለት ነው፤ «ከመረሳት በስተቀር ሁሉ» ብሎ የተረዳ ጥያቄውን ገልብጦ ይመልሳል። «ኤኒቲንግ በት ሲምፕል» በፍጹም ቀላል ያልሆነ ነው። «ፎር ኦል ሂዝ ለርኒንግ» ሲል «ያን ያህል ተምሮም እንኳ» እያለ ነው፤ ምክንያት መስሎ ተቃርኖ የሚያመጣ ሐረግ ነው። «ናቲንግ ኢፍ ናት ኮሺየስ» የተባለ ሰው ደግሞ እጅግ ጠንቃቃ ነው። እነዚህ በቃላት ዝርዝር ውስጥ አይገኙም፤ ባገኛችሁ ቁጥር ለብቻቸው መዝግቧቸው።

ባዶ ቦታ የሚሞላበት ጥያቄ፣ ማለትም ቴክስት ኮምፕሊሽን፣ ላይ ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍኑ። መጀመሪያ የራሳችሁን ቃል ገምቱ፤ በአማርኛ ቢሆንም ይሠራል፣ እንዲያውም ይፈጥናል። ለምሳሌ የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ እንዲህ ቢሆን፦ «ጥናቱ ለዓመታት ሲወደስ ቢኖርም የቅርብ ጊዜ ግምገማዎች ወደ (1)____ ያደላሉ፤ መረጃውን ሳይነቅፉ ከመረጃው የተወሰደው ድምዳሜ (2)____ ነው ይላሉ።» «ቢኖርም» ስለሚል የመጀመሪያው ባዶ ከውዳሴ ተቃራኒ፣ «ነቀፋ» መሆን አለበት። ሁለተኛው ያንኑ ነቀፋ ያብራራል፤ መረጃው ደህና ከሆነ ያልጸናው ድምዳሜው ነው፣ «የላላ» በሉት። ከዚያ እጃችሁን አንሡ። ለሁለተኛው ባዶ «ኢንጂኒየስ»፣ «ቴኒዩስ» እና «ኢንኮንትሮቨርቲብል» ቢሰጡ የመጀመሪያው ብልሃተኛ፣ የመጨረሻው የማይታበል ነው፤ ከ«የላላ» ጋር የሚገጥመው «ቴኒዩስ» ብቻ ነው። ምርጫዎቹን ቀድሞ ያየ ሰው «ኢንጂኒየስ» ስለ ጥናት ሲነገር ሰምቶ ስለሚያውቅ ይወስደዋል። ደግሞ ሁልጊዜ ከ(1) አትጀምሩ፤ ፍንጩ የበዛበት ባዶ ይቅደም።

ስድስት ምርጫ ተሰጥቶ ሁለት የሚመረጥበት ሴንተንስ ኢኩይቫለንስ የራሱ ተንኮል አለው። «የባለሥልጣኑ መልሶች ____ ነበሩ፤ ጋዜጠኛው ገጽ ሙሉ ጠይቆ የሚያገኘው ሁለት ቃል ነው» በሚል ሐሳብ ሥር «ተርስ»፣ «ካንዲድ»፣ «ላኮኒክ»፣ «ኢቬሲቭ»፣ «ፍራንክ» እና «ቴዲየስ» ቢቀርቡ፣ ተመሳሳይ ጥንድ ፈላጊው «ካንዲድ»ንና «ፍራንክ»ን አይቶ ይቸኩላል። ሁለቱም ግልጽ ማለት ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ስለ ግልጽነት አላወራም። «ኢቬሲቭ»፣ የሚሸሽ፣ ሊያስኬድ ይችላል፣ ግን አጣማጅ የለውም። መልሱ አጭርነትን የሚናገሩት «ተርስ» እና «ላኮኒክ» ናቸው። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ማስማማት፣ ቀጥሎ ጥንድ መፈለግ።

ቃል

በቀን 12 አዲስ ቃል፣ በሳምንት 6 ቀን። በ8 ሳምንት 576 ይሆናል፤ በደንብ ከተያዘ ከሺህ የተሸመደደ ይበልጣል። ድግግሞሹ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን ይሁን፤ አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ተመሳሳይ የድግግሞሽ ቀናት ራሱ ያሰላላችኋል። በካርዱ ፊት ቃሉን ብቻውን አትጻፉ፤ ቃሉ የገባበትን አጭር እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ጀርባው ላይ አጭር ፍቺና ቃሉ ሙገሳ ወይም ነቀፋ መሆኑን የሚያሳይ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ይበቃል።

«አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ አንድ የአማርኛ ፍቺ» ብሎ መያዝ ትልቁ ጥፋት ነው። ፈተናው የሚወደው የታወቀ ቃል ሁለተኛ ፍቺ ነው። «ኳሊፋይ» ብቁ መሆን ብቻ አይደለም፤ የተናገሩትን ማለዘብ ወይም መገደብም ነው። «ዋንት» እጦት፣ «ቼክ» መግታት፣ «አረስት» ማስቆም፣ «ሳንክሽን» መፍቀድም ይሆናል። «ዲስኢንተረስትድ» በጥንቃቄ ሲጻፍ የማያዳላ እንጂ የሰለቸው አይደለም።

ካርዱን በላቲን ፊደል ጻፉት። በእኛ ፊደል «ዲስክሪት» ብለን ብንጽፍ ሁለት ቃል አንድ ይሆንብናል፤ አንዱ የተነጠለ፣ ሌላው አፉን የሚጠብቅ ሰው ነው። መለያው መጨረሻቸው ላይ ነው፤ ሁለቱን «ኢ» ፊደላት «ቲ» መካከላቸው ገብታ ከነጠለቻቸው ቃሉም የተነጠለ ማለት ነው።

ንባብ

ከቨርባል ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ ንባብ ነው። አንቀጹን ስታነቡ በብጣሽ ወረቀት ከስድስት ቃል ያልበለጠ ማስታወሻ ያዙ፦ የድሮው አስተያየት ምንድን ነው፣ ጸሐፊው የት ላይ «ግን» አለ፣ የቆመው ከየትኛው ወገን ነው። ዝርዝሩን አትቅዱ፤ ጥያቄው ሲመጣ ተመልሳችሁ ታዩታላችሁ።

የተሳሳቱ ምርጫዎች በጥቂት መንገድ ነው የሚሠሩት፤ በብዛት የሚያሳስተው ያጋነነው ነው። አንቀጹ «የዝናቡ መቀነስ ለከተማዋ መዳከም አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም» ካለ፣ «ከተማዋ የወደቀችው በድርቅ ነው» የሚለው ምርጫ ስህተት ነው። «ሜይ»፣ «ሰጀስትስ»፣ «ኢን ፓርት» የሚሉ ቃላትን እንደ «ሳያደርግ አልቀረም» አንብቧቸው። በገሃዱ ዓለም እውነት ሆኖ አንቀጹ ያላለውም እንዲሁ ይወድቃል፤ በተለይ ርእሱ ከሙያችሁ ከሆነ ተጠንቀቁ። ሦስት ምርጫ ተሰጥቶ «የሚስማሙትን ሁሉ» ሲል ሦስት የተለያዩ የእውነት–ሐሰት ጥያቄዎች አድርጋችሁ ያዙት፤ አንዷን ከሳታችሁ ጠቅላላው ሄደ።

ሰዓት

ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው 90 ሰከንድ ግድም ነው፣ ግን እኩል አታከፋፍሉት። አንድ ባዶ ያለውንና ሴንተንስ ኢኩይቫለንስን በ45–60 ሰከንድ ጨርሱ፤ ትርፉ ለንባብ ይሁን። ሦስት ባዶ ያለበት ጥያቄ ሦስቱም ካልተገኙ ነጥብ የለውም፤ በጭፍን የሚገመትበት ዕድል ከ27 አንድ ነው፣ ዋጋውም ከአንድ ባዶዋ ጋር እኩል። ከከበደ አንድ ነገር ሙሉበት፣ «ማርክ» የሚለውን ተጭናችሁ እለፉ። በክፍሉ ውስጥ መመለስ ይቻላል፣ ክፍሉ ከተዘጋ ግን አይቻልም።

ሁለተኛውን የፓወርፕሬፕ ፈተና ለመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት አስቀምጡ። ከዚያ በፊት የምታመለክቱበት የትምህርት ክፍል ጂአርኢ መጠየቁን አረጋግጡ፤ ብዙ ፕሮግራሞች ትተውታል። ቀን ስትቆርጡ ለድጋሚ ቦታ ተዉ፤ በሁለት ፈተናዎች መካከል 21 ቀን ማለፍ አለበት፣ በ12 ወር ውስጥም ከአምስት ጊዜ በላይ አይቻልም። የቨርባልና የኳንት (የሒሳቡ ክፍል) ጊዜያዊ ነጥባችሁን የዚያኑ ዕለት ስክሪኑ ላይ ታያላችሁ፤ ይፋዊው ከ8 እስከ 10 ቀን ይወስዳል። የማመልከቻው መዝጊያ ታኅሣሥ ከሆነ እንግዲህ የመጀመሪያው ፈተና ከጥቅምት መጀመሪያ ባይዘገይ ይሻላል።