ብራኬት ከመሙላታችሁ በፊት ቁጥሯን እዩ

አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ማርች ሲገባ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የወንዶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ብራኬት፣ ማለትም በየጨዋታው ማን እንደሚያሸንፍ የሚገመትበትን ሰንጠረዥ፣ ይሞላል። እኔ መጀመሪያ አካባቢ የምመርጠው በማሊያ ቀለም ነበር። በሁለተኛው ቀን ወረቀቴ በስህተት ምልክት ቀይ በቀይ!

አሁን የማየው ከቡድኑ ስም ጎን ያለችውን ቁጥር ነው። ቡድኖቹ በአራት ምድብ ይከፈሉና በየምድቡ ከ1 እስከ 16 ደረጃ ይሰጣል። 1ኛው ከ16ኛው ሲገጥም አትፈላሰፉ፣ 1ኛውን ጽፋችሁ እለፉ። ውድድሩ 64 ቡድን ከሆነበት ከ1985 (እ.ኤ.አ.) እስከ 2025 ድረስ 16ኛው ያሸነፈው ሁለቴ ብቻ ነው። በ2018 ዩኤምቢሲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ቨርጂኒያን 74 ለ 54፣ በ2023 ፌርሊ ዲኪንሰን ፐርዱን 63 ለ 58።

ጉዱ ያለው 5ኛ ከ12ኛ ላይ ነው። ከሦስት ጨዋታ አንዱን ገደማ 12ኛው ይወስዳል። አራቱንም 5ኛ ካሳለፋችሁ በአብዛኛው ዓመት አንዱ ጉድ ይሠራችኋል። አንድ 12ኛ ምረጡ። እኔ ነባር ተጫዋቾች ያሉትንና ኳስ የማያባክነውን ነው የምፈልገው። ሁለት መምረጥም ይቻላል፣ ልብ ካላችሁ።

የመጨረሻው አራት (ግማሽ ፍጻሜው) ላይ ደግሞ አራቱንም 1ኛ አትደርድሩ። እስከ 2025 ድረስ ይህ የሆነው በ2008 እና በ2025 ብቻ ነው። 11ኛ ሆኖ እዚያ የደረሰ አለ፤ ሐበሻ በሚበዛበት በሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2006 አድርጎታል። ዋንጫውን ግን ለ11ኛ እንዳትሰጡ። ከ1985 እስከ 2025 ዋንጫ ካነሱት ሁሉ ዝቅተኛው 8ኛ የነበረው ቪላኖቫ ነው፣ ያውም በ1985።