ዩኒየን ገብቶ ሳይጠቀሙ መቅረት፦ የላሜራ ሙያ ተለማማጆችና አዲስ አባላት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዲሲ፣ በሲያትል ወይም በሚኒያፖሊስ አካባቢ ቡና ላይ የዩኒየን ወሬ ከተነሳ አንዱ «ከደመወዝህ ይቆርጣሉ እንጂ ምን ይፈይዳሉ?» ይላል፤ ሌላው «አንዴ ከገባህ ተገላገልክ» ይላል። ላሜራ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ሁለቱንም ሰምተናል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ተናጋሪው ያው አንድ ሰው ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት «ተገላገልኩ» ያለው በአምስተኛው ዓመት «ምን ይፈይዳሉ?» ይላል።

የእኛ ዩኒየን፣ ማለትም የሠራተኞች ማኅበራችን፣ በአጭሩ ስማርት ይባላል። የላሜራ፣ የአየር፣ የባቡርና የትራንስፖርት ሠራተኞችን ያቀፈ ነው። የጀመሩት በ1888 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኦሃዮ፣ ቶሊዶ ከተማ የተሰባሰቡ ቆርቆሮ ሠሪዎች ናቸው። ዛሬ በአሜሪካና በካናዳ ከ200 ሺህ በላይ አባላት አሉት፤ በየአካባቢው «ሎካል» በሚባሉ ቅርንጫፎች ይሠራል። በላሜራው በኩል ያለነው የሕንፃ አየር የሚያልፍበትን ዳክት እንቆርጣለን፣ እናጥፋለን፣ እንሰቅላለን፤ የጣሪያና የግድግዳ ልባስም እንሠራለን።

በእኔ አስተያየት የብዙዎቻችን ችግር ዩኒየኑን እንደ ዕድር ማየታችን ነው። ለዕድር መዋጮዎን በወቅቱ ከከፈሉ፣ ሐዘን የደረሰ ዕለት ድንኳኑን ተሸክሞ ራሱ ይመጣል። ይህኛው ማኅበር አብዛኛውን ድጋፍ የሚሰጠው ለጠየቀ፣ ለፈረመና ቀኑ ሳያልፍ ላመለከተ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ውድ የሚሆኑትም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ከፍሎ መማር

«ሙያ ሳልይዝ ማን ይቀጥረኛል?» ብሎ በብድር የግል የሙያ ትምህርት ቤት የሚገባ ወጣት ጥቂት አይደለም። ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣና፣ ዩኒየን ሲያመለክት ብዙ ጊዜ እንደማንኛውም ጀማሪ ከታች ይጀምራል። የማኅበሩ የልምምድ ፕሮግራም የሚንቀሳቀሰው ኮንትራክተሮች ለእያንዳንዱ የሥራ ሰዓት በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። የሚመራውም ከዩኒየኑና ከአሠሪዎች እኩል ቁጥር ያላቸው ሰዎች በተቀመጡበት ኮሚቴ ነው። በሁለቱ አገሮች ከ150 የሚበልጡ ማሠልጠኛዎች አሉ። ተለማማጁ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ደመወዝ እያገኘ አራት ወይም አምስት ዓመት ይሠራል፤ ጎን ለጎን ክፍል ይገባል።

ብሩን ትተው ጊዜዎን ለመግቢያ ፈተናው ያውጡ። አገር ቤት 12ኛ ክፍል ካልኩለስ የሠራ ልጅ እዚህ የሚደናቀፈው ሜትር ላይ ነው፤ ሜትሩ በኢንች ነዋ! የቧንቧ «ግማሽ ኢንች» እና «ሦስት አራተኛ» ሁላችንም ሰምተናል፤ አንድ ኢንች 16 ቦታ ተከፋፍሎ ሲመጣ ግን ዓይን ይጭበረበራል። 23 ከ5/8 ኢንች ለሁለት ሲካፈል 11 ከ13/16 ነው። ይህን ያለ ካልኩሌተር፣ መሰላል ላይ ቆመው፣ ፎርማኑ ከታች እየጮኸ ማለት እስኪችሉ ድረስ ይለማመዱት። በጌጅ በኩል እንኳ እንሻላለን፤ 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ እንደሚወፍር ለቤቱ ቆርቆሮ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

የ12ኛ ክፍል ማስረጃዎ ከአገር ቤት ከሆነ እዚህ ማስመዘን ያስፈልግ እንደሆነ የማሠልጠኛውን ቢሮ ቀድመው ይጠይቁ። መንጃ ፈቃድም ሳያወጡ አያመልክቱ፤ ሥራው ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ሌላ ካውንቲ።

«በሰዓት ስንት ነው?» ብቻ ብሎ መጠየቅ

የተለማማጅ ክፍያ የሚሰላው ከጆርኒማን፣ ማለትም ሙያውን ከጨረሰው ሠራተኛ ክፍያ በመቶኛ ነው፤ በየደረጃውም ያድጋል። ለምሳሌ የጆርኒማኑ 50 ዶላር ቢሆንና ጀማሪው በ45 በመቶ ቢገባ፣ በሰዓት 22 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ኡበር የሚነዳው ጓደኛ ይህን ሲሰማ ይስቃል። የእሱ ሒሳብ ግን ቤንዚኑን፣ ጎማውን፣ ከተጣራ ገቢው ላይ የሚከፍለውን የ15.3 በመቶ የግል ሥራ ታክስ አይጨምርም፤ ጡረታም የለበትም። ለዩኒየን ሠራተኛ ኮንትራክተሩ ከሰዓት ክፍያው በላይ ለጤና ኢንሹራንስ፣ ለጡረታና ለሥልጠና ይከፍላል። ውሉ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ ደመወዙ ነው፣ ሌላው ጠቅላላው። የሚወዳደረው ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ዓመት እንደሚከብድ አልደብቅም፤ በተለይ አገር ቤት ቤተሰብ ለሚረዳ ሰው። ሆኖም በአራተኛው ዓመት ለጥቂት ዶላር ብልጫ ጥሎ የሚወጣ ሰው ያሳዝነኛል። ጡረታው የማይነጠቅ መብት የሚሆነው ብዙ ጊዜ 5 የአገልግሎት ዓመት ሲሞላ ነው። በብዙ ቦታ ደግሞ ተለማማጅ ሲገባ የሚፈርመው የሥልጠና ብድር ስምምነት አለ። ሙያውን ተምሮ ዩኒየን ወደሌለው ተወዳዳሪ ድርጅት የሄደ ሰው ወጪውን እንዲመልስ ይጠየቅበታል። ያንን ወረቀት ሳያነቡ አይፈርሙ።

በሦስት ዓይነት ስም መመዝገብ

ይህ የእኛ የሐበሾች ልዩ ችግር ስለሆነ ረዘም አድርጌ እገባበታለሁ። ኃይለማርያም የሚባል ሰው በግሪን ካርዱ ላይ አንድ ቃል ነው፤ በመንጃ ፈቃዱ ላይ «ኃይለ» ስም፣ «ማርያም» መካከለኛ ስም ሆኖ ተለያይቷል፤ ኮንትራክተሩ ዘንድ ደግሞ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ገብቷል። ኮንትራክተሩ በየወሩ ለጤናና ለጡረታ ፈንዱ የሠራውን ሰዓት ሲልክ፣ ወረቀቱ ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚያጣራ ሰው ካልተገኘ ሰዓቱ ይንጠለጠላል። የጤና ኢንሹራንሱ ደግሞ በብዙ ፈንዶች የሚቆመው በተጠራቀመው ሰዓት ላይ ነው። ሰውየው ይህን የሚያውቀው ልጁን ሐኪም ቤት ይዞ ሄዶ «ሽፋን የለዎትም» ሲባል ነው።

ቤተሰብ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። እርስዎ በአባትዎ ስም ይጠራሉ፣ ባለቤትዎ በአባቷ፣ ልጅዎ በእርስዎ። ለፈንዱ ቢሮ ሠራተኛ ሦስታችሁ የማትተዋወቁ ሰዎች ናችሁ። ስለዚህ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ በአማርኛ ከሆነ ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር፣ በጊዜው ያስገቡ። ላገባ ወይም ልጅ ለወለደ ሰው ቤተሰቡን የማስመዝገቢያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ነው፤ የክርስትናው ድግስ እስኪያልፍ ከተጠበቀ ቀኑ አለፈ ማለት ነው።

ከማግባቱ በፊት የሞት ክፍያ ተቀባይ አድርጎ ወንድሙን የሞላ ሰውም ቅጹን መቀየር ይረሳል። ቅጹ ላይ ያለው ስም ራሱን አይቀይርም። ቤት ሲቀይሩም አድራሻዎን ለኮንትራክተሩ ብቻ ሳይሆን ለሎካሉና ለፈንዶቹ ለየብቻ ያሳውቁ፤ ቢሮዎቹ የተለያዩ ናቸው።

የደመወዝ ወረቀትዎን አይጣሉ። ፈንዱ የሚልከው መግለጫ ላይ ያለውን ሰዓት ከእሱ ጋር ያስተያዩ። ጉድለት ካገኙ ለሎካሉ ቢዝነስ ኤጀንት፣ ማለትም የአባላትን ጉዳይ ለሚከታተለው የሎካሉ ኃላፊ፣ ያሳዩት፤ ያልከፈለ ኮንትራክተርን መከታተል የእሱና የፈንዱ ሥራ ነው፣ ጉድለቱን መጀመሪያ የሚያየው ግን እርስዎ ነዎት።

ያልገባንን «እሺ፣ እሺ» ማለት

በአስተዳደጋችን ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማት ጨዋነት ነው። ሾፕ ውስጥ ግን አራት በስምንት ጫማ ላሜራ ያበላሻል። ቀይ እጀታ ያለው መቀስ ወደ ግራ ይቆርጣል፣ አረንጓዴው ወደ ቀኝ፣ ቢጫው ቀጥታ። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ሁለት ደቂቃ ጠይቆ ከመማር ይልቅ በቀይ መቀስ ወደ ቀኝ ሲታገል ጠርዙን ሸራርፎ፣ ጓንቱንም ቀዶ ያድራል። ተለማማጅ ነዎት፤ ውሉ ራሱ የሚለው ሊማሩ እንደመጡ ነው።

የዚህ ዝምታ ከባዱ መዘዝ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ታታሪና የማያጉረመርም ልጅ ፎርማን ይወደዋል፤ ስለሚወደውም ዕቃ በማመላለስና ዳክት በመስቀል ብቻ ዓመታት ያሳልፈዋል። አራት ዓመት ሞልቶ ልኬት አውጥቶ መንደፍ፣ መበየድ፣ የአየር መጠን መለካትና ማስተካከል ሳይነካ ይጨርሳል። የሠሩትን የሥራ ዓይነት በየወሩ የሚሞሉበትን መዝገብ በእውነተኛው ሰዓት ይሙሉት እንጂ ፎርማኑን ለማስደሰት አይሙሉት። አንዱ ዓይነት ብቻ ከበዛ ለማሠልጠኛው ኃላፊ ይንገሩ፤ ወደ ሌላ ሥራ፣ ካስፈለገም ወደ ሌላ ኮንትራክተር ሊያዛውርዎ ይችላል።

ክፍል መቅረትም እዚሁ ይጠቀስ። ከክፍል የቀረ ሰው የደረጃ ዕድገቱ ይያዝበታል፣ ከደጋገመ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለት ወይም ኢድ የሥራ ቀን ላይ ሲውል ማንም አያውቅልንም፤ ከሳምንታት በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ። ማግስቱን «በዓል ነበር» ማለት አይሠራም።

ብቻን ቢሮ መግባት

አለቃ «ና እስቲ ቢሮ» ብሎ በር ሲዘጋ ምን ይደረጋል? በአሜሪካ ሕግ መልሱ የተሰጠው በ1975 ነው። ዋይንጋርተን የሚባል የቴክሳስ ሱፐርማርኬት ሠራተኛ የነበረች ሴት የ2 ዶላር ከ98 ሳንቲም ዶሮ ወስዳ 1 ዶላር ብቻ ከፍላለች ተብላ ተጠረጠረች። ስትመረመር የዩኒየን ተወካይ ይጠራልኝ ብትል እምቢ አሏት። በኋላ ሲጣራ የገዛችው የ1 ዶላሩን ነበር፤ ትንሹ ካርቶን አልቆ ኖሮ በትልቁ ይዛው ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል ብሎ በምክንያት የሚሠጋ የዩኒየን ሠራተኛ በምርመራው ላይ ተወካዩ እንዲገኝለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ተወሰነ።

«የመጠየቅ» የሚለውን ልብ ይበሉ። አለቃው ይህን መብት የማስታወስ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ አንዲት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ቀድመው ይያዙ፦ ይህ ንግግር ሊያስቀጣኝ የሚችል ከሆነ የዩኒየን ተወካዬ ይገኝልኝ። ከዚያ ስቲዋርዱ፣ ማለትም በሥራ ቦታው ያለው የዩኒየን ተወካይ፣ እስኪመጣ ይጠብቁ። መቆጣትም ማብራራትም አያስፈልግም። የሥራ መመሪያ ለመስጠት ብቻ ከተጠሩ ግን ይህ መብት አይሠራም፤ ፎርማን «ያንን ዳክት አውርደው» ሲል ተወካይ የሚጠራ ሰው መሳቂያ ይሆናል።

በደል ከደረሰብዎ ቅሬታ ማቅረቢያው ቀን የተቆረጠለት ነው፤ በብዙ የላሜራ ውሎች 30 ቀን ነው። ለሦስት ወር ጓዳ ውስጥ የተብሰለሰለ በደል፣ እውነት ቢሆንም፣ የሚታይበት መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

ሥራ ሲቆም ቤት መቀመጥ

ኮንስትራክሽን ነው፤ ፕሮጀክት ሲያልቅ ሰው ይቀነሳል። ይህ ጥፋት ወይም ውርደት አይደለም፤ ለቤተሰብ ደብቆ ጠዋት ጠዋት ምሳ ቋጥሮ የሚወጣ ሰው መኖሩ ግን ይገርመኛል። በዚያው ዕለት ስምዎን በሎካሉ የሥራ ፈላጊዎች መዝገብ ላይ ያስፍሩ፤ ተለማማጅ ከሆኑ ለማሠልጠኛው ቢሮ ይደውሉ፣ በአብዛኛው የሚመድብዎ እሱ ነው። ለግዛቱ የሥራ አጥ ክፍያም ያመልክቱ። አንዳንድ ሎካሎች ሳስሚ በሚባለው ፈንድ ይሳተፋሉ፤ ሥራ ላጠረበት ብቁ አባል ተጨማሪ ይከፍላል፣ ለእሱም ማመልከቻ ያስፈልጋል። «በጎን» የወዳጅ ቤት ዳክት እየሠሩ መቆየት ግን ከዩኒየኑም ከሥራ አጥ ክፍያው ቢሮም ጋር ያጣላል።

ቁስልን መደበቅ

የላሜራ ጠርዝ ሲቆርጥ አያምም፤ ደሙ ነው የሚናገረው። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ በቴፕ ጠቅልሎ መቀጠል የወንድነት ይመስላል፤ ከሳምንት በኋላ ጣቱ ሲያብጥ ግን ሥራ ላይ መጎዳቱን የሚያሳይ ወረቀት የለም። በዚያው ፈረቃ ለፎርማኑ ይንገሩ፣ በጽሑፍ ይያዝ።

አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ የአስቤስቶስን ነገር አይናቁ። በላሜራ ሠራተኞች ሳንባ ላይ ያደረሰው ጉዳት ከባድ ስለነበር ማኅበሩና አሠሪዎች በ1986 ለሙያው ጤና የቆመ ተቋም መሠረቱ፤ አንጋፋ አባላትን ያስመረምራል። ለመጠጥ፣ ለጭንቀትና ለመሳሰለውም በምስጢር የሚያነጋግር የአባላት ድጋፍ ፕሮግራም አለ። ይህ ሁለተኛው በእኛ ሰው ዘንድ ከሁሉ ያነሰ የሚጠየቅ ይመስለኛል፤ ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን።

ስብሰባን ለፈረንጅ መተው

በቨርጂኒያ ከ1947 ጀምሮ በወጣው ሕግ ማንም ሰው ዩኒየን እንዲገባ አይገደድም፤ ወንዙን ተሻግሮ በሜሪላንድ ሁኔታው ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ሳትገቡም ውሉ ይሸፍናችኋል፤ ውሉ ሲጸድቅ ግን እጅ የሚያወጡት አባላቱ ናቸው። የሰዓት ጭማሪው ስንቱ ወደ ኪስ፣ ስንቱ ወደ ጡረታ ይሂድ የሚባለው በዚያ አዳራሽ ነው። ልጅ የሚያሳድገውና ጡረታ የቀረበው ሰው አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም፤ የቀረው ሰው ሌላው በመረጠለት ያድራል።

በ1959 በወጣው ሕግ የሎካል አመራር ቢያንስ በየ3 ዓመቱ በምስጢር ድምፅ ይመረጣል፤ እርስዎን የሚመለከተው የኅብረት ስምምነት ቅጂም ሲጠይቁ ሊሰጥዎ ይገባል። ቅጂውን ሲወስዱ ከደመወዝ ሰንጠረዡ ጋር ስለ ተለማማጆች የሚናገረውን አንቀጽ፣ የቅሬታውን አንቀጽና ለየፈንዱ የሚከፈለውን ዝርዝር ያገኛሉ። በእንግሊዝኛው የሚቸገሩ ከሆነ ከሎካሉ ነባር ሐበሻ ጋር አንድ ቅዳሜ ተቀምጠው ያንብቡት።